ለደጋ የተለካ ለቆላ አይበቃም

ሊጥ ሲወፍር እንጀራው ዐይን አያወጣም፤ ሲቀጥን ደግሞ በምጣዱ ላይ ፈስሶ ይቀራል። ይህን የማታውቅ የቤት እመቤት የለችም። ዳሩ ግን ልኩን በቁጥር ንገሪኝ የሚላት ሰው ቢመጣ ለመመለስ ይቸግራታል፤ ልኩ እንደ ጤፉ ዐይነት፣ እንደ ውሃው፣ እንደ ቀኑም ብርድና ሙቀት የሚለዋወጥ ነውና። ስለዚህ ልክን ማወቅ ማለት አንድ ቁጥር ሸምድዶ መያዝ ብቻ አይደለም፤ ምልክቱን አይቶ በጊዜው መጨመርንና መቀነስን ማወቅ ነው።

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ልንጽፍ ያሰብነው ስለ እንጀራ አይደለም፤ ስለ ሞተር ብስክሌት ካርቡራተር ነው። ነገሩ ለዚህ ገጽ እንግዳ ሆኖ የሚታያቸው ክቡራን አንባብያን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ነገር ግን ባሁኑ ዘመን ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ በሞተር ብስክሌት የሚሄድ ቤተ ሰብ አለ። አባት ለልጁ ልብስ ይገዛል፤ ስንቅ ያሰናዳል፤ ገንዘብ በኪሱ ያኖርለታል፤ ልጁን ተሸክሞ ገደል ለገደል የሚያልፈው መኪና ምን በልቶ እንደሚኖር ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። እኛም ይህን ለመጠየቅ የተነሣነው ምክንያት ስላስገደደን ነውና የተማርነውን ለሌሎች ወላጆች ብናካፍል ይጠቅማል ብለን አሰብን።

የበኵር ልጃችን ትምህርቱን ጨርሶ በግብርና ሥራ ወደ ጎጃም ተመደበ። ሥራው ገበሬዎችን በየቀበሌው እየዞሩ ማማከር ስለ ሆነ፣ ካጠራቀመው ገንዘብ ላይ ለአቧራና ለጭቃ መንገድ የተሠራች፣ ጉልበቷ የ125 ኪዩብ የሆነች፣ አሮጌ ባለሁለት ምት የጃፓን ሞተር ብስክሌት ገዛ። ከዚያም ወደ ሥራው ቦታ በመኪና ሳይሆን በእርሷው ላይ ተቀምጦ ለመሄድ ፈቃድ ጠየቀን። ሞተሪቱ በግቢያችን ውስጥ ስትነሣ ጥቁር ጢስ ትተፋለች፤ ታስላለች፤ ጋዝ ሲሰጧትም ትንተባተባለች። ባለቤታችን ከማድ ቤት ወጥታ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ፣ «ይኸ ሳል የያዘው ነገር ልጄን አባይን ያሻግረዋል ብለው ነው?» ስትል ጠየቀችን። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነበረ።

የአባይን በረሓ ያየ ሰው የምንለውን ያውቃል። ጎሐ ጽዮን ከባሕር ጠረፍ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ድልድዩ ሲወርድ ከፍታው ወደ 1,050 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላም እንደዚያው እየተጠማዘዘ ወደ ደጀን ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ነው። በጥቂት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላም ወደ ደጋ ማለት ነው። ሰው ካባውን ያወልቃል፤ መልሶም ይለብሳል። ካርቡራተር ግን ልብሱን በራሱ ማውለቅ አይችልም።

አስቀድሞ ባለሁለት ምት ሞተር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። ባለአራት ምት ሞተር ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ሲወርድ አንድ ጊዜ እሳት ያገኛል፤ ባለሁለት ምት ግን በወጣና በወረደ ቁጥር እሳት ያገኛል። ስለዚህ በክብደቱ መጠን ሲታይ ጉልበቱ ብርቱ ነው። የዚህ ዐይነት ሞተር መነሻ የስኮትላንዱ ተወላጅ ዱጋልድ ክለርክ በ1881 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር መብቱን ያስከበረበት ሥራ ነው፤ ዛሬ በሞተር ብስክሌት ላይ የምናየውን ቀላል አሠራር ግን እንግሊዛዊው ጆዜፍ ዴይ በ1891 ዓ.ም. አስመዘገበ። በዚህ አሠራር የቤንዚንና የአየር ድብልቅ አስቀድሞ ከፒስተኑ በታች ወዳለው የክራንክ ቤት ይገባል፤ ከዚያም ተገፍቶ ወደ ላይ ወደ እሳቱ ክፍል ያልፋል። በክራንኩ ቤት ለብቻው የሚቀመጥ ዘይት የለም። ማለስለሻው ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ከፋብሪካ ሲወጡ ዘይቱን በፓምፕ የሚያስገቡ ሞተሮች አሉ፤ የልጃችንን ሞተር ግን የቀድሞው ባለቤት ፓምፑን ስላወለቀው ዘይቱ በእጅ ተለክቶ ከቤንዚን ጋር የሚደባለቅ ሆኗል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሞተር ቤንዚን ባነሰው ጊዜ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ቅባቱንም ማቀዝቀዣውንም አብሮ ያጣል። ያን ጊዜ ፒስተኑ ግሎ ይፋፋል፤ ከሲሊንደሩም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ይህም በጉዞ ላይ ከሆነ የኋላው ጎማ በድንገት ተቀርቅሮ ይቆማል። በሜዳ ላይ ቢሆን መውደቅ ነው፤ በአባይ ጥምዝ ላይ ቢሆን ግን ከመውደቅ የከፋ ይሆናል።

አሁን ወደ ካርቡራተሩ እንምጣ። ሥራው ቤንዚኑን እንደ ጉም አድርጎ ከአየር ጋር ማደባለቅ ነው። በዛሬው መልክ ቤንዚንን በቀጭን ቀዳዳ የሚረጨውን ካርቡራተር ጀርመናዊው ቪልሄልም ማይባክ በ1893 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ሠራ፤ በዚያው ዓመት ባንኪና ቾንካ የተባሉ ሁለት የሀንጋሪ መሐንዲሶችም የዚህኑ ዐይነት መሣሪያ አስመዝግበዋል። ምሥጢሩ ግን ከዚያ በፊት የታወቀ ነበረ፤ ዳንኤል ቤርኑሊ በ1738 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ፈሳሽ ነገር ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ እንደሚቀንስ ገልጿል። አየር በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከታች ባለው ጽዋ የተጠራቀመው ቤንዚን ወደ ላይ ይሳባል። የሚሳበው ቤንዚን በስፋቱ ልክ በተበጀች ትንሽ የናስ ብሎን ቀዳዳ ያልፋል። ይህች ባለቀዳዳ ብሎን ጄት ትባላለች። ቤንዚን ፈጽሞ እንዲነድ ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል፤ ሞተር ብርቱ ጉልበት የሚሰጠው ግን ድብልቁ ከዚህ ጥቂት ወፍሮ አየሩ ከ12 እስከ 13 ኪሎ ሲሆን ነው። ቤንዚኑ ሲበዛ ድብልቁ ወፈረ እንላለን፤ ሲያንስ ቀጠነ እንላለን፤ ልክ እንደ ሊጡ ነው።

ካርቡራተር ለሁሉ ጊዜ የሚሆን አንድ በር ብቻ ያለው መሣሪያ አይደለም። ቀኝ እጅ ጋዙን በከፈተ መጠን ተራ በተራ የሚሠሩ ክፍሎች አሉት። ጋዙ ከተዘጋበት እስከ ሩብ ድረስ ትንሿ ጄትና የአየሩ ብሎን ይሠራሉ፤ በሩብ ገደማ የመዝጊያው የተቆረጠ ጠርዝ ይታከልበታል፤ ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ ከመዝጊያው ጋር ከፍና ዝቅ የምትለው ሹል መርፌ ታዛለች፤ ከሦስት ሩብ እስከ ፍጻሜው ደግሞ ትልቋ ጄት ትገዛለች። ይህን ያልለየ ሰው ሞተሩ በሚኒሞ ሲታመም ትልቋን ጄት ይለውጣል፤ ይህም የራስ ምታት ለያዘው ሰው እግሩን እንደ ማሰር ነው።

እንግዲህ ከፍታ ምን ያደርጋል? አዲስ አበባ ከባሕር ጠረፍ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲመዛዘን ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። የቤት እመቤቶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ያውቁታል፤ ውሃ በአዲስ አበባ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ ባቄላው ቶሎ አይበስልም። ለባሕር ጠረፍ አገር የተለካ ካርቡራተር ወደዚህ ሲመጣ አየሩ ስለሚያንስ ድብልቁ ከመቶ 12 ያህል ይወፍራል። ይህ ነበር የልጃችን ሞተር ሳል። በትልቋ ጄት ላይ የተጻፈው ቁጥር 170 ነው፤ በእኛ ካርቡራተር ቁጥሩ የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ ይናገራል፤ 170 ማለት 1.70 ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ በደቂቃ የሚያልፈውን የፈሳሽ ልክ የሚናገርባቸው ሌሎች ካርቡራተሮች ስላሉ፣ የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር ከሌላው ጋር ማስተያየት አይገባም። በስሌት ሲታይ ለአዲስ አበባ 160 ይበቃል። ነገር ግን ጄቷን አውጥተን ወደ ብርሃን አድርገን ባየናት ጊዜ ቀዳዳዋ ተቧጥሮ አገኘነው። ከልጃችን በፊት ያስጠገናት ሰው ያሠራበት አንድ ሠራተኛ በሽቦ ጠርጓት ኖሯል። ናስ ለስላሳ ነው፤ በሽቦ የተጠረገች ጄት በላይዋ የተጻፈው ቁጥር ከዚያ ወዲያ እውነት አይናገርም። ጄት የሚጠረገው በንጹሕ ቤንዚንና በአየር ግፊት ብቻ ነው።

ለልጃችን የሰጠነው መልስ እንዲህ የሚል ነበረ። «ሞተሪቱ ልኳን ካገኘች ትሄዳለህ፤ ካላገኘች በአውቶቡስ ትሄዳለህ። ልኳንም የምትፈልገው አንተ ነህ፤ እኛ ግን አጠገብህ እንቀመጣለን።» ለዚህም ሥራ ሦስት ቅዳሜ ሰጠነው። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ መፍቻ፣ ጨርቅና አንድ ደብተር አዘጋጀን። ደብተሩ ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው፣ የትኛው እንደ ጎዳው አያውቅም። ስለዚህ ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ የተለወጠውንም መጻፍ የሥራችን ሕግ ሆነ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ካርቡራተሩን አልነካንም። የሞተር ሕመም ሁሉ ከካርቡራተር አይመጣምና። የአየር ማጣሪያው ታጠበ፤ ካንዴላው በአዲስ ተተካ፤ በጽዋው ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የምትጠብቀው ተንሳፋፊ ተለካች። ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር በሚያገናኘው ላስቲክ ላይም ቀጭን ስንጥቅ ተገኘ። በዚህ ስንጥቅ ያልተለካ አየር ይገባል፤ ድብልቁንም ሳይታወቅ ያቀጥነዋል። ላስቲኩ ሳይለወጥ ጄት መምረጥ በተቀደደ ስልቻ እህል እንደ መስፈር ነበር። ከዚህም በኋላ የዘይቱን ልክ ወሰንን፤ አንድ እጅ ዘይት ለ40 እጅ ቤንዚን፤ ይኸውም ለ5 ሊትር ቤንዚን 125 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው።

እዚህ ላይ ልጃችን አንድ ነገር ጠየቀ። «አባባ፣ መንገዱ ክፉ ከሆነ ዘይቱን ባበዛላት አይጠብቃትም?» ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ አሳቡም ከደግነት የመጣ ነው። እኛም እንዲህ ስንል መለስንለት። «ልጄ፣ የጄቷ ቀዳዳ የምትለካው የፈሳሹን ብዛት እንጂ የፈሳሹን ዐይነት አይደለም። ዘይቱን ባበዛህ ቁጥር በዚያው ጠብታ ውስጥ ያለው ቤንዚን ያንሳል፤ ቤንዚን ሲያንስ ድብልቁ ይቀጥናል። ዘይቱ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ በእርሱ አትጫወት።» ይህንንም በደብተሩ መጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፈው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ከታች ጀመርን። ሞተሪቱ ከሞቀች በኋላ በሚኒሞ እንድትቆም አደረግናት። በአየር ማጣሪያው በኩል ያለው የአየር ብሎን ወደ ውስጥ ሲዞር አየር ይቀንሳልና ድብልቁ ይወፍራል፤ ወደ ውጭ ሲዞር ይቀጥናል። ልጃችን ብሎኑን በቀስታ እስኪነካ ዘጋው፤ ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ከፍቶ፣ ከዚያም እየቆየ ሩብ ሩብ ዙር እየጨመረ ድምፅዋን አዳመጠ። በጣም ፈጥና ያለ መንገዳገድ የምትቆምበት ስፍራ ልኳ ነው። ይህ ልክ ከአንድ ዙር በታች ቢገኝ ትንሿ ጄት ጠባለች ማለት ነውና በሰፊ ትለወጣለች፤ ከሁለት ዙር ተኩል በላይ ቢገኝ ሰፍታለች ማለት ነውና በጠባብ ትለወጣለች። የእኛይቱ ወደ ሦስት ዙር ስለ ተጠጋች በአንድ ቁጥር ያነሰች ጄት ገባላት፤ ልኩም በአንድ ዙር ከሦስት ሩብ ላይ ተገኘ። ያን ጊዜ ባለቤታችን ከውስጥ ሆና፣ «ሳሏ ቀለለላት» ብላ ተናገረች። ስለ ጄት የነገራት ሰው አልነበረም፤ ጆሮዋ ነው የነገራት።

ከዚያም መርፌዋን አየናት። በመርፌዋ ራስ ላይ አምስት እርከን አለ፤ በአንዱ ላይ ትንሽ ሽቦ መያዣ ትቀመጣለች። መያዣዋ ወደ ላይኛው እርከን ስትወጣ መርፌዋ ትወርዳለች፤ የቤንዚኑም መንገድ ይጠባል፤ ወደ ታችኛው እርከን ስትወርድ መርፌዋ ከፍ ትላለች፤ መንገዱም ይሰፋል። መያዣዋን አንድ እርከን ብቻ ወደ ላይ ባወጣናት ጊዜ በመካከለኛው ጋዝ የነበረው መንተባተብ ጠፋ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ለትልቋ ጄት ወደ ሱሉልታ ሜዳ ወጣን፤ ትልቋ ጄት የምትመረመረው ጋዙ ፈጽሞ ተከፍቶ ስለ ሆነ በከተማ መካከል አይቻልም። አሠራሩ ይህ ነው። አዲስ ካንዴላ ይገባል፤ በቀጥተኛና ሰው በሌለበት መንገድ ጋዙ ተከፍቶ ጥቂት ይኬዳል፤ ከዚያ ባንድ ጊዜ ፍሪሲዮኑ ተጨብጦ ሞተሩ ይጠፋል፤ ከቆመም በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ይታያል። እርጥብና ጥቁር ከሆነ ድብልቁ ወፍሯል፤ እንደ ቡና ከልክሎ ከሆነ ልክ ነው፤ ነጭና የደረቀ ከሆነ ቀጥኗል፤ አደጋም ቀርቧል። እርሳስ የሌለበት የዛሬ ቤንዚን ቀለሙን እንደ ድሮው አጉልቶ ስለማያሳይ ግን ቀለሙ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ድምፁም መሰማት አለበት።

ልጃችን በ160 ሞከረ፤ መልካም ነበረ። ከዚያም በ155 ሞከረ። ሞተሪቱ ያን ጊዜ እንደ ክራር ክር ጠበቅ ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠች፤ ጋዙን ሲነካት ትዘላለች። ልጃችን ፊቱ በርቶ መጣና፣ «አባባ፣ ልኳ ይኸ ነው። እንዲህ ስትዘፍን እንዴት ያወፍሯታል?» አለን። ካንዴላው ሲፈታ ግን ነጣ ብሎ ተገኘ።

የጽሑፋችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነው። የወፈረ ድብልቅ ጉድለቱን አይደብቅም፤ ይጨሳል፤ ይንተባተባል፤ ካንዴላ ያበላሻል፤ ባለቤቱንም ያሳፍራል። የቀጠነ ድብልቅ ግን ወደ ጥፋቱ ሲቀርብ ይበልጥ ያማረ ይመስላል። ሞተሩ ይቀልላል፤ ድምፁ ይጠራል፤ ጢሱ ይጠፋል፤ ጥፋቱ የሚታወቀው ፒስተኑ ሲጣበቅ ብቻ ነው። ሞተር ብስክሌት ከሚነዱ ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ ጣፋጭ ድምፅ ይታለላሉ።

ለልጃችንም በደብተሩ ላይ እንዲያሰላ ነገርነው። በጎሐ ጽዮን ከፍታ ልክ የሆነ ድብልቅ ወደ ድልድዩ ሲወርድ አየሩ ስለሚከብድ ከመቶ 7 ያህል ይቀጥናል። ለድልድዩ ከፍታ በስሌት የሚገባው ጄት ቁጥር 165 ነው። ከ155 ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ከ165ቱ ጋር ሲመዛዘን ከመቶ 12 ያህል ያንሳል። በሱሉልታ ነጣ ያለው ካንዴላ በአባይ ምን ይሆናል? ከዚያም በላይ ከድልድዩ ወደ ደጀን ያለው መንገድ ዳገት ስለ ሆነ ሞተሩ ጋዙ ተከፍቶ በሙቀት ውስጥ ረጅም ጊዜ ይደክማል። በደጋ ያማረችው ጄት በቆላ ገዳይ ትሆናለች።

ልጃችን ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻም፣ «እንግዲያውስ በ165 ብሄድ በደጋው ላይ እየጨሰችና እየከበደች ልትሄድ ነው» አለ። እኛም፣ «አዎን፤ ጥቂት ትከብዳለች። ካንዴላ ቢጠቁር ሌላ ካንዴላ ታስገባለህ። ፒስተንም ቢሆን በገንዘብ ይገዛል፤ ልጅ ግን አይገዛም» አልነው። ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። ለመንገዱ ሁሉ የሚሆነው ልክ አየሩ ከሁሉ በከበደበት በዝቅተኛው ስፍራ እንዲለካ ወሰንን፤ 165ቷም ገባች።

ስለ ቁልቁለቱም የሚነገር አለ። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር በተደባለቀበት ባለሁለት ምት ሞተር ረጅም ቁልቁለት ጋዙን ፈጽሞ ዘግቶ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኹ መውረድ ክፉ ልማድ ነው። ጋዙ ሲዘጋ ቤንዚኑ ይቋረጣል፤ ቤንዚኑ ሲቋረጥ ዘይቱም ይቋረጣል፤ ሞተሩ ግን በጎማው እየተገፋ በፍጥነት ይዞራል። ስለዚህ በፍሬን በቀስታ መውረድ፣ በየጊዜውም ጋዙን ለአፍታ ከፈት አድርጎ ቅባት እንዲደርሰው ማድረግ፣ ፍሬኑም እንዳይግል እየቆሙ ማሳረፍ ይገባል። ሁለት ጣት ዘወትር ከፍሪሲዮኑ ላይ አይለይ፤ ሞተሩ ሊጣበቅ ሲል ኃይሉ በድንገት ይደክማል፤ ድምፁም ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ፍሪሲዮኑን ወዲያው የጨበጠ ሰው የኋላ ጎማው ከመቀርቀር ይድናል።

ልጃችን በየካቲት ወር በማለዳ ተነሥቶ ሄደ። በትንሽ የቆዳ ከረጢት ሦስት ጄቶች፣ ሁለት ካንዴላዎች፣ መፍቻውንና ደብተሩን ይዟል። በዚያ ቀን ባለቤታችን ሥራ አልያዘላትም፤ እኛም ብንሆን ጋዜጣ ይዘን ተቀመጥን እንጂ ያነበብነውን አናስታውስም። ከቀትር በኋላ ከደጀን ስልክ ደወለ። እናቱ መጀመሪያ የጠየቀችው ምሳ በልቶ እንደ ሆነ ነው። ለእኛ ግን ከደብተሩ ላይ አነበበልን። እስከ ጎሐ ጽዮን ከብዳ ትጨስ ነበረ፤ ወደ ድልድዩ ስትቀርብ ድምፅዋ ወደ ልቧ ተመለሰ፤ በዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሞ አሳረፋት፤ ደጀን ሲደርስ ካንዴላውን ፈትቶ ቢያየው እንደ ቡና ከልክሎ አገኘው። ከዚያም ሥራው የሚሆነው በደጋው ላይ ስለ ሆነ፣ «አሁን 160ን ላስገባ ወይ?» ብሎ ጠየቀ። እኛም፣ «ካንዴላውንና ጆሮህን ጠይቅ እንጂ እኛን አትጠይቅ» ብለን መለስንለት።

ዛሬ ይህን ሥራ ሁሉ በራሱ የሚሠራ መሣሪያ መጥቷል። የኦስትርያው ኬ.ቲ.ኤም. ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር ካርቡራተር የሌላቸው፣ የአየሩን ግፊትና ሙቀት ራሳቸው እየለኩ ቤንዚንን በመርጫ የሚያስገቡ ባለሁለት ምት የገጠር ሞተር ብስክሌቶችን አውጥቷል። እንዲህ ያለው መኪና ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ ካባውን በራሱ ያወልቃል፤ መልካም ነገር ነው። ዳሩ ግን ካርቡራተር ያላቸው አሮጌዎቹ ሞተሮች በየአገሩ መንገድ ላይ አሁንም ይሄዳሉ፤ በላያቸውም የሰው ልጆች ይቀመጣሉ።

ስለዚህ ለወላጆች የምናሳስበው ይህን ነው። ልጃችሁ ሞተር ብስክሌት ካለው ዋጋውንና ፍጥነቱን ብቻ አትጠይቁ፤ ለየትኛው አገር አየር እንደ ተለካ፣ ዘይቱ በምን ልክ እንደሚገባ፣ ካንዴላው ምን ቀለም እንዳለው ጠይቁ። መልሱን የማያውቅ ከሆነ አጠገቡ ተቀምጣችሁ እንዲማር ጊዜ ስጡት። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላልና በመነሻው ዋዜማ በጥድፊያ የተሠራ ሥራ በመንገድ ላይ ይፈታል። ከቤት የሚወጣውንም ልጅ ስታሰናዱ እናንተ በተቀመጣችሁበት ስፍራ ሳይሆን እርሱ በሚያልፍበት ስፍራ ልክ አሰናዱት፤ በቤት ያማረው ሁሉ በመንገድ አይበቃምና። ልኩን ራሱ አይቶ የሚጨምርበትንና የሚቀንስበትን ዕውቀት ከሰጣችሁት ግን ከስንቁ ሁሉ የሚበልጠውን ሰጥታችሁታል።